የሚም ምንጭ ፍለጋ፦ «ይኼ እኔ ነኝ ወይ?»

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ደጃፌ ላይ ቡና የሚያፈሉ ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ ነው የምላቸው። አንድ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው ገቡና «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኔ ነኝ ወይ?» አሉኝ።

እሳቸው ናቸው። የከተራ ዕለት ታቦቱ ሲያልፍ እልል ሲሉ ያነሳኋቸው ፎቶ ነው። ነጠላቸው፣ የተጨፈነው ዓይናቸውና የተከፈተው አፋቸው ብቻ ቀርቶ ሌላው ተቆርጧል። ከሥሩ «ልጃቸውን የቀበሩ እናት፣ እንርዳቸው» የሚል ጽሑፍና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። «ልጄን በቁሙ ቀበሩብኝ!» ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ጽሑፍ እየተለጠፈበት ከሰው ሰው የሚዞር ፎቶ ሚም ይባላል። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ ከየት እንደመጣ ስፈልግ መሸ። አፈላለጉ እንዲህ ነው።

ከሁሉ በፊት የምትፈልጉት ሁለት ምንጭ መሆኑን ያዙ፤ ፎቶው የተነሳበትና ጽሑፉ የተለጠፈበት። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይኼ አይጠፋውም። መሰንቆው የአዝማሪው ነው፣ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ካቦሱ ትባል የነበረችውን የጃፓን ውሻ ውሰዱ። ባለቤቷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት አፁኮ ሳቶ ናቸው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 አንስተው ብሎጋቸው ላይ ለጠፏት። «ዶጅ» ተብላ ዓለምን ያዳረሰችው ግን በ2013 ነው። ከፍቅረኛው ጋር እየሄደ ዞሮ ሌላዋን የሚያየውን ልጅም ስፔናዊው አንቶኒዮ ጊየም በ2015 ለሽያጭ ብሎ ነበር ያነሳው፤ ቀልድ የሆነው በ2017 ነው። ስለዚህ ፎቶውን ያነሳውን ስታገኙ ወዲያው ጥፋተኛ አታድርጉት። እኔንም መጀመሪያ የጠረጠሩኝ ነበሩ።

ቀጥሎ ፎቶውን አስቀምጡ፣ የተጻፈበትን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉና በቃል ሳይሆን በፎቶ በሚፈልገው በጎግል ሌንስ ፈልጉ። ቲንአይ የሚባል ሌላ የፎቶ መፈለጊያም አለ፤ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ ይደረድርላችኋል። ቀኑን ግን እንደ ልደት ቀን አትውሰዱት፤ ቲንአይ ፎቶውን ያገኘበት ቀን ነው።

ብዙ ቅጂ ስታገኙ ዳር ዳሩን እዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይኼንን ነው። መቁረጥ ቀላል ነው፣ የተቆረጠውን መመለስ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ሰፊው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ለምንጩ ይቀርባል። የእትዬ ፎቶ አንዱ ቅጂ ላይ በግራ ጠርዝ በኩል ድንጋይ ግንብ ላይ የተጠመጠመ የዛፍ ሥር ትንሽ ይታያል። የጎንደር ሰው የፋሲል መዋኛ ቅጥር መሆኑን በአንድ እይታ ያውቃል። ለቅሶ ቤት እንዳልሆነ ያ ሥር ብቻውን ይመሰክራል። ፎቶው ከስልክ ስልክ በተላከ ቁጥር ደግሞ ይደበዝዛል፣ የፊደሉም ጠርዝ ይሻክራል፤ ጥርት ያለውን ተከተሉ።

ቴሌግራም ላይ ከፖስቱ አናት ከየትኛው ቻናል እንደተላለፈ ይጻፋል፤ እሱን ተጫኑና ወደ ኋላ ሂዱ። ስሙ ከሌለ የላከላችሁን ሰው ከየት እንዳገኘው ጠይቁ፣ እሱም የላከለትን ይጠይቅ። ዋትስአፕ ላይ ድርብ ቀስት ካያችሁ ብዙ እጅ ዞሯል ማለት ነው። ቲክቶክ ከሆነ ከታች በቀኝ የምትሽከረከረውን ክብ ስትነኩ በዚያ ድምፅ የተሠሩት ቪዲዮዎች ይወጣሉ።

ጽሑፉንም ለብቻው ፈልጉ። እዚህ ላይ ፊደላችን ያደክማል፤ «ሐዘን» የጻፈ አለ፣ «ሀዘን» የጻፈ አለ፣ በላቲን ፊደል የጻፈም አለ። ሁሉንም ሞክሩ። እኔ በእትዬ ፎቶ የተሠራውን የመጀመሪያ ቀልድ ያገኘሁት «ደመወዝ»ን ትቼ «ደሞዝ» ብዬ ስፈልግ ነው። «ደሞዝ ሲገባ» ተብሎ ተለጥፎ ነበር፤ ክፋት የለውም፣ እትዬም ሲያዩት ሳቁ። ሌላ ገጽ ነው ከዚያ ላይ ቆርጦ ልጃቸውን የገደለው። ዓመተ ምሕረትም ያሳስታል፤ 2012 የሚል ብታዩ የኛ ይሁን የፈረንጅ ሳታጣሩ አትቁጠሩ፣ ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው።

ምንጩን ስታገኙ መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሱ፤ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ለገጹ በውስጥ መስመር ሙሉውን ፎቶ፣ የተነሳበትን ቀንና ቦታ ልካችሁ እንዲያጠፋው ጠይቁ። ስድብ አትጨምሩ፣ ካልመለሰ ለራሱ ለመድረኩ ሪፖርት አድርጉ። የሒሳብ ቁጥር ካለበት ለባንኩም አሳውቁ።

ገጹ በሁለተኛው ቀን አጠፋው። የተቀዳው ግን አለ። ወር በገባ ቁጥር እንደገና እፈልገዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቦታ አገኘሁት፣ ለሁለቱም ጽፌያለሁ። አንደኛው እስካሁን አልመለሰም።