ጋርኒሲዮኑን ሳይሆን ክዳኑን

ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ስወጣ የመኪናዬ የሙቀት ቀስት ቀዩን ነካ። ከዚያ ወዲህ ራዲያተሩ የትም ሳያፈስ ውሃ ይጎድላል፣ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳም ነጭ ጭስ። የዘይቱን ክዳን ስከፍት ውስጡ ማኪያቶ መስሏል። የቴስታታ ጋርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ!

ይህ ሁለተኛዬ ነው። ያኔ መካኒኩ አዲስ ጋርኒሲዮን አስገብቶ በጉልበቱ አጥብቆ ሸኘኝ፤ ስድስት ወር አልሞላም። አሁን ቴስታታውን አስወርጄ ቀጥ ያለ ብረት አስደገፍንበት። በመሃሉ የ0.10 ሚሊሜትር ስስ መለኪያ ሾልኮ ገባ። የሞተሩ መመሪያ የሚፈቅደው 0.05 ነው። አሉሚኒየም ቴስታታ ሲግል ከብረቱ ብሎክ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ ከጋለ ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮኑም መያዝ ያቅተዋል። ቴስታታውን ፊቱ ቀጥ እንዲል አስላጨሁት፣ ቦሎኖቹንም በአዲስ ቀየርኩ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ታሰሩ።

ግን ለምን ጋለ? ተርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው) ደህና ነው፣ ፋኑም ይዞራል። ጥፋተኛው የራዲያተር ክዳኑ ነበር፤ ስፕሪንጉ ደክሞ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሲግልም እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ለእኛ ደጋ ሰዎች ይህች ክዳን ቀልድ አይደለችም። ቀየርኳት፤ በቧንቧ ውሃ ፈንታም ኩላንት፣ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሞላሁ (ዝገቱን ስናጥብ የወጣው ጭቃ ይቅር!)።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ዳገት ወጣሁት። ቀስቱ ከመሃል ንቅንቅ አላለም።