ዲዱፕሊኬሽን ከመክፈታችሁ በፊት ራሙን አስሉ

ፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ላይ ቨርቹዋል ማሽኖችን በዜድ ኤፍ ኤስ (ዲስክ ላይ ዳታ የሚያደራጅ ፋይል ሲስተም) ለምታስቀምጡ፦ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ዳታ መጭመቂያውን፣ ኤል ዜድ 4 በሚባለው ዘዴ ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ሲፒዩውን እምብዛም አያስቸግርም፤ የማይጨመቅ ዳታ ሲገጥመው ደግሞ እንዳለ ይጽፈዋል።

ዲዱፕሊኬሽኑን (ተመሳሳይ የዳታ ብሎኮችን አንዴ ብቻ የማስቀመጥ ዘዴውን) ግን እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈቱ። በቆየው ስሌት እያንዳንዱ የተለየ ብሎክ (የዳታ ቁራጭ) ብሎኮቹ በሚመዘገቡበት ሰንጠረዥ ላይ 320 ባይት ገደማ ይይዛል። ብሎኩ 16 ኪሎባይት ከሆነ 1 ቴራባይት ዳታ 67 ሚሊዮን ያህል ብሎክ ይወጣዋል፤ ይሄ ብቻውን ከ20 ጊጋባይት በላይ ራም ነው! ራሙ ካልበቃ ሰንጠረዡ ከዲስክ መነበብ ይጀምርና ማሽኖቹ ይንቀራፈፋሉ። እኔ ላይ ደርሷል፤ ሎግኢን ማድረግ እንኳ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ብዘጋውም አልለቀቀኝም፤ ቅንብሩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጻፈው ዳታ ብቻ ነውና። የማሽኖቹን ዲስኮች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ፑል (የዜድ ኤፍ ኤስ የዲስኮች ስብስብ) ማዛወር ነበረብኝ።

ተመሳሳይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያላቸው ብዙ ማሽኖች ካሏችሁ ከአንድ ቴምፕሌት (መነሻ ማሽን) ሊንክድ ክሎን፣ ማለትም ከመነሻው ጋር ዳታ የሚጋራ ቅጂ፣ አውጡ፤ የጋራው ክፍል አንዴ ብቻ ይቀመጣል። በማሽኑ ዲስክ ቅንብር ላይም ዲስካርድ የሚለውን አብሩት፤ ማሽኑ ውስጥ ትሪም (ነፃ የሆነውን ቦታ የሚያሳውቀው ትእዛዝ) ሲሠራ የተሰረዙ ፋይሎች ቦታ ወደ ፑሉ ይመለሳል።