ማኮብኮቢያን ከወፍ መጠበቅ፦ ባሕር ዳርን በምሳሌነት

የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ 3,000 ሜትር ይረዝማል። በቅርቡ ጣና አለ፣ ዙሪያው የእርሻ ማሳ ነው፣ አለፍ ሲባል ደግሞ ከተማው ከነገበያው፣ ከነሥጋ ቤቱና ከነቆሻሻው ይጀምራል። ለወፍ ይህ ማለት ውኃ፣ እህልና ሥጋ በአንድ መንደር ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የማባረሩ ሥራ ጥሩምባ ከመንፋት አይጀምርም፤ ወፉ ምን ፈልጎ እንደመጣ ከማወቅ ይጀምራል። ተመሳሳይ ሜዳ ለሚጠብቁ ሁሉ፣ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

የማለዳ ፍተሻ

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ በቀን ቢያንስ 2 ጊዜ እንዲፈተሽ ይላል። ለአስፋልቱ ይበቃ ይሆናል፤ ለወፍ ግን አይበቃም። ወፍ የፈተሹት ሜዳ ላይ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያርፋል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ መነሳትና ማረፍ በፊት አንድ ጊዜ መቃኘት ያስፈልጋል።

ከታወር (ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ) ፈቃድ ሳይገኝ የመኪናው ጎማ መስመሩን አይነካም። ፈቃዱ ሲሰጥ የተባለውን ቃል በቃል ደግሞ መመለስ፣ የጣሪያውን መብራት ማብራት፣ ከዚያ አውሮፕላን ከሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ሆኖ መንዳት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከተነዳ አንድ ጉዞ 6 ደቂቃ፣ ደርሶ መልስ 12 ደቂቃ ይፈጃል። ሲሄዱ አንዱን ጎን፣ ሲመለሱ ሌላውን ማየት ይሻላል፤ መሃል መሃሉን የሚነዳ ሰው ሣሩ ዳር ያለውን አያይም። ሲጨርሱ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ለታወሩ መንገር ግድ ነው።

ዓይን የሚፈልገው ወፉን ብቻ አይደለም። በመብራቶችና በምልክት ሰሌዳዎች ሥር ነጭ ኩስ ከታየ፣ እዚያ የሚያድር ወይም የሚያርፍ አለ። ላባ፣ የአይጥ ጉድጓድ፣ በአጥሩ ሥር የተቆፈረ የጅብ መግቢያ፣ ሞቶ የተጣለ ጥንቸል ወይም ውሻ ሁሉም ይመዘገባሉ። አንድ የሞተ ውሻ ሲነጋጋ ካልተነሳ፣ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ጥንብ አንሳው ከላይ መዞር ይጀምራል።

ማኮብኮቢያውን በ300 ሜትር በ300 ሜትር ለ10 ከፍሎ ቁጥር መስጠት መዝገቡን ቀላል ያደርገዋል። ሰዓት፣ የወፍ ዓይነት፣ ብዛት፣ የክፍል ቁጥር፣ ምን ያደርግ እንደነበር (ሲለቅም፣ አርፎ፣ አቋርጦ ሲያልፍ)፣ ምን እንደተደረገና ምን ውጤት እንዳመጣ ይጻፋል። ምንም ያልታየበት ፍተሻም ዜሮ ተብሎ ይመዝገብ። ዜሮው ካልተጻፈ፣ በዓመቱ መጨረሻ ባዶው ገጽ ወፍ አልነበረም ይበል ሰው አልነበረም ይበል መለየት አይቻልም።

ምግቡን ማንሳት

ቆሻሻ መጣያ ከአየር ማረፊያ ቢያንስ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ዓለም አቀፉ መመሪያ ይመክራል። ባሕር ዳር ከተማ ራሱ በዚህ ክልል ውስጥ ስለሆነ ምክሩን እንዳለ መፈጸም ይከብዳል። የሚቻለው የሥጋና የዓሣ ተረፈ ምርት በዕለቱ እንዲቀበር፣ የተጣለው ቆሻሻም በየቀኑ አፈር እንዲለብስ ከማዘጋጃ ቤቱና ከቄራው ጋር መስማማት ነው። የዓሣ ሆድዕቃ ሜዳ ላይ ከተደፋ፣ ጭልፊቱን ጥሩምባ አይመልሰውም።

በግቢው ውስጥ ደግሞ ዝናብ ካባራ ከ48 ሰዓት በላይ የሚቆይ ኩሬ ሁሉ መፋሰሻ ያስፈልገዋል። የተዘጋ ቦይ ጠረጋ ከግንቦት በፊት ማለቅ አለበት። ክረምት ከገባ በኋላ የሚጠረግ ቦይ ጭቃ ከማመላለስ አያልፍም።

ሣሩ ከሁሉም ያከራክራል። የአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ብዙዎቹ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አድርገው ያሳድጉታል፤ መሬት ላይ የሚለቅም ወፍ ዙሪያውን ማየት ስለማይችል ይሸሸዋል። እኛ ዘንድ ግን ረጅም ሣር መስከረም ላይ ፍሬ ይይዛል፣ አይጥም ይደብቃል። ስለዚህ ያንን እንዳለ ከመገልበጥ፣ ሁለት ቦታ ለይቶ አንዱን በ10፣ ሌላውን በ20 ሳንቲሜትር ማቆየትና ክረምት ከበጋ በየሳምንቱ ወፍ መቁጠር ይሻላል። አጨዳው ከመጨረሻው በረራ በኋላ ይሁን፤ ሣር ሲታጨድ አንበጣና ፌንጣ ይገለጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጭልፊት ይወርዳል። የታጨደውም በዕለቱ ተሰብስቦ ይውጣ።

ማባረር

መጀመሪያ የነፋስ ማሳያው ከረጢት ይታይ። ወፍ ሲነሳ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነውና ወዴት እንደሚነሳ ከወዲሁ ይታወቃል። መኪናው በማኮብኮቢያውና በወፉ መካከል ይግባ፤ ከውጭ በኩል የመጣ ሰው መንጋውን በአስፋልቱ ላይ ያሻግረዋል።

ርችት የሚተኮሰው በወፎቹና በማኮብኮቢያው መካከል እንዲፈነዳ ተደርጎ ነው። የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ በመኪናው ውስጥም እሳት ማጥፊያ ግድ ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት ደረቅ ሣር ላይ የወደቀ ፍንጣሪ ከወፉ የባሰ ጣጣ ያመጣል። በጋዝ የሚጮህ መድፍም አለ። አንድ ቦታ ተተክሎ በእኩል ሰዓት ሲጮህ ከዋለ ግን ወፉ ሄዶ እላዩ ላይ ያርፍበታል። ማማ ላይ ተቀምጦ ማሽላ የጠበቀ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ወንጭፉ እየጮኸ ድንጋዩ ካልመጣ፣ ወፉ አንዴ ቀና ብሎ አይቶ ለቀማውን ይቀጥላል። ቦታ፣ ሰዓትና ዘዴ መቀያየር አለባቸው።

የወፍ የጭንቀት ድምፅ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ለቁራና ለመሳሰሉት ጥሩ ነው። መኪናውን 100 ሜትር ያህል ርቆ አቁሞ ለ90 ሰከንድ ማሰማት ይበቃል። ወፎቹ ግን መጀመሪያ ወደ ድምፁ መጥተው ይዞራሉ፣ ከዚያ ነው የሚሄዱት። አውሮፕላን ሊነሳ ደቂቃዎች ሲቀሩት ይህን መክፈት መንጋውን መንገዱ ላይ መጥራት ነው።

ለርግብ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ ርግብ የጭንቀት ጩኸት የላትም። ባሕር ዳር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ሊበር ከዚህ ማኮብኮቢያ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ውስጥ ገብቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ። ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር ጎማ ሳያወርድ በሆዱ ወደቀ፣ ተቃጠለም። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በሰከንድ 72 ሜትር በሚሄድ አውሮፕላን 5 ኪሎ የሚመዝን ጥንብ አንሳ ሲመታ ጉልበቱ ወደ 13,000 ጁል ይደርሳል፤ የ350 ግራም ርግብ 900 ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ጥንብ አንሳው አንድ ሞተር ሲመታ፣ ርግብ በመንጋ መጥታ ሁለቱንም ትመታለች።

ለርግብ የሚሠራው ርችት፣ በመኪና ደጋግሞ ማስነሳትና እህሉን ማንሳት ነው። ማለዳ ከማደሪያዋ ወደ ማሳ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ማደሪያዋ ትመለሳለችና መስመሯን በመዝገቡ አጥንቶ በእነዚያ ሰዓቶች መኪናውን ሜዳው ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። በአካባቢው አውድማ የሚወቃበት ወቅትም በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ ይሰመርበት። መንጋው አልለቅ ካለ ለታወሩ ተነግሮ አውሮፕላኑ ይጠብቅ። አምስት ደቂቃ መዘግየት ቢያስወቅስም መዘግየቱ ይሻላል።

ግጭት ከደረሰ

ማኮብኮቢያው ወዲያው ይፈተሽ፤ የወደቀ ብረት ወይም ሬሳ ለሚቀጥለው አውሮፕላን አደጋ ነው። ጉዳት ባይደርስም ይመዝገብ። ቅሪቱ በጓንት ይነሳ። ሙሉ ላባ ከተገኘ ደረቅ ሆኖ በወረቀት ፖስታ ይግባ፤ እርጥቡን ፕላስቲክ ውስጥ ከዘጉት ይሻግታል። ሞተር ላይ ደም ብቻ ከቀረ በ70 በመቶ አልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ይያዝ፤ የወፉን ዓይነት በላቦራቶሪ መለየት ይቻላል። ፖስታው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የተመታው ክፍልና የማኮብኮቢያው ክፍል ቁጥር ይጻፍ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።