ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ለኤስኤቲ እና ለእንግሊዝኛ ፈተና ቀን እንዴት ይመረጣል?

ኤስኤቲ የአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ የሚያዩት የመግቢያ ፈተና ነው። ለእነዚህ ኮሌጆች የሚያመለክት ተማሪ የፈተና ቀኑን የሚመርጠው ከመጨረሻው ተነሥቶ ነው፦ መጀመሪያ የማመልከቻው ቀነ ገደብ፣ ቀጥሎ ውጤት የሚወጣበት ቀን፣ ከዚያ ፈተናው፣ ከዚያ ምዝገባው፣ ከሁሉም በፊት ፓስፖርቱ። አዲስ አበባ ለሚኖር ተማሪ በዚህ መሐል የሚባክነው ጥቂት ሳምንት ነው። ከወሎ ለሚነሣ ግን ፓስፖርቱ፣ ክፍያው፣ ላፕቶፑና የ400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ተደማምረው ወራት ሊወስዱ ይችላሉ። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ «ይደርስልኛል» ብላችሁ ካሰባችሁት የመጨረሻ ፈተና አንድ ዙር ቀድማችሁ ተፈተኑ።

ቀነ ገደቡን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ቀድሞ የማመልከቻው ዙር ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ይዘጋል፤ በእኛ ጥቅምት 22 ወይም ኅዳር 6 ማለት ነው። መደበኛው ዙር በብዙ ኮሌጆች ከጃንዋሪ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 7 ባለው ጊዜ ያበቃል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች፣ በቀጣዩ ዓመት እነዚህ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን ቀድመው ይውላሉ። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቦታ የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ኮመን አፕ፣ የየዓመቱን ማመልከቻ የሚከፍተው ኦገስት 1፣ ሐምሌ 25 ነው።

ሰዓቱም ያሳስታል። በኮመን አፕ ቀነ ገደቡ የሚያበቃው አመልካቹ ባለበት አገር ሰዓት 11፡59 ሲል ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 5፡59። በራሳቸው ድረ ገጽ የሚቀበሉ ኮሌጆች ግን የራሳቸውን ሰዓት ሊከተሉ ስለሚችሉ ከየገጻቸው አረጋግጡ። የገንዘብ ድጋፍ ፎርም ቀነ ገደብም ከማመልከቻው የተለየ ሊሆን ስለሚችል ጎን ለጎን ጻፉት።

ከዚያ በዝርዝራችሁ ያለው ኮሌጅ ሁሉ ኤስኤቲ ይጠይቅ እንደሆነ እዩ። ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ ፈተናውን አስገዳጅ አድርገው መልሰውታል፤ ብዙ ሌሎች ኮሌጆች ለተማሪው ምርጫ ይተዉታል። በእኛ እምነት ሙሉ ድጋፍ ለሚፈልግ ተማሪ ጥሩ ውጤት ካለው መላኩ ይጠቅመዋል።

ሁለት ጊዜ ለመፈተን አቅዱ

ኤስኤቲ የሚሰጠው ቅዳሜ ነው። በኦገስት፣ በሴፕቴምበር፣ በኦክቶበር፣ በኖቬምበር፣ በዲሴምበር፣ በማርች፣ በሜይና በጁን ዙሮች አሉት፤ የዓመቱን ትክክለኛ ቀን ፈተናውን ከሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ከኮሌጅ ቦርድ ገጽ ተመልከቱ። ውጤት በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

የጁኑ ፈተና በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲውል በእኛ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሙከራ የለም፤ ትምህርቱ ገና ትኩስ ነው፣ ብሔራዊ ፈተናም የለበትም። ውጤቱን ካየ በኋላ ክረምቱን ደካማ ጎኑ ላይ ይሠራና ነሐሴ ውስጥ በሚውለው የኦገስት ዙር ይደግማል። 12ኛ ክፍል ሲገባ የሚቀረው ድርሰትና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ይሆናል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ በጁን መፈተኑን አንመክርም። በቅርብ ዓመታት ብሔራዊው ፈተና ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ እየዋለ ነው፤ የሚሰጠውም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዝግጅቱ ሙሉ ትኩረት ይወስዳል። የማርቹ ዙር ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ከረመዳን ጋር ሊገጥም ስለሚችል የሚጾም ተማሪ ቀኑን አስቀድሞ ያመሳክር።

የኦክቶበሩ ፈተና ለኖቬምበር 1 አመልካች የመጨረሻው ዕድል ነው ማለት ይቻላል። የዲሴምበሩ ለጃንዋሪ ያደርሳል፣ ነገር ግን መንገድ ቢዘጋ ወይም ብትታመሙ ሌላ ዙር የለም።

ፓስፖርቱ ይቅደም

ለፓስፖርቱ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ማመልከት ይሻላል። ለኤስኤቲም፣ ለእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ ለቶፍልም ለአይልትስም የማያከራክረው መታወቂያ እሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት የስም አጻጻፍ ነው። ሙሐመድ የሚለውን ስም የትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ የልደት ካርዱ በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ ሊጽፈው ይችላል፤ አንድ ኤም ወይስ ሁለት፣ ኦ ወይስ ዩ? ፈታኙ ምዝገባውንና መታወቂያውን ሲያስተያይ ካልተገጣጠሙ ሊመልሳችሁ መብት አለው። የኮሌጅ ቦርድ አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት ፓስፖርቱን እጃችሁ አስገቡ፣ ስሙን ፊደል በፊደል ከእሱ ገልብጡ፤ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። ትራንስክሪፕቱ የተለየ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ እንዲያስተካክል ክረምት ሳይዘጋ ጠይቁ።

ምዝገባና ክፍያ

መደበኛው ምዝገባ ከፈተናው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ይዘጋል፤ መቀመጫው ግን ከዚያ በፊት ሊያልቅ ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀድሞ መመዝገብ ነው የሚያዋጣው። ከአሜሪካ ውጭ የሚፈተን ሰው ከመሠረታዊው ክፍያ በላይ ተጨማሪ ስለሚከፍል ድምሩ ከ100 ዶላር ያልፋል። ክፍያው ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተር ካርድ ይፈልጋል፤ ብር ብቻ የሚያወጣው የኤቲኤም ካርድ አይበቃም። ውጭ ያለ ዘመድ ሊከፍልላችሁ ከሆነ አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ እሱ የካርዱን ቁጥር ብቻ ያስገባ፤ እሱ ከመዘገባችሁ ስሙም ፎቶውም ይሳሳታል። የኮሌጅ ቦርድ የክፍያ ነፃ ዕድል ለአሜሪካ ተማሪዎችና ውጭ ለሚኖሩ አሜሪካውያን የተወሰነ ነው፤ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ ምዝገባ አታሳልፉ። ኮሌጆች ለማመልከቻ ክፍያ የሚሰጡት ነፃ ፈቃድ ግን ሌላ ነው፣ እሱን ጠይቁ። አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነፃ ያማክራል።

ላፕቶፕና መንገድ

ፈተናው የሚሠራው ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ነው፤ በስልክ አይሆንም። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ኮሌጅ ቦርድ ያውሳል፤ ጥያቄው ግን ፈተናው ሊደርስ ቢያንስ 30 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ከዘመድ የምትዋሱ ከሆነ ጉዳዩ ባትሪው ነው፦ ያለ ቻርጀር ከ3 እስከ 4 ሰዓት መቆየት አለበት። ፈተናው ራሱ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፤ ዕረፍቱና የመግቢያው ሥርዓት ሲጨመር ይረዝማል። ብሉቡክን ደሴ እያላችሁ ጫኑ፣ ነፃውን ሙሉ የልምምድ ፈተና በዚያው ላፕቶፕ ላይ፣ በባትሪ ብቻ ሠርታችሁ ጨርሱ፤ ባትሪው መሐል ላይ ከሞተ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራችኋል። ፈተናው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው መተግበሪያው ዝግጅቱን እንድትጨርሱ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱ የመግቢያ ቲኬቱ ይወጣል። በፈተናው መሐል ኢንተርኔት ቢቋረጥ አትደንግጡ፤ የሠራችሁት ይቀመጣል፣ መልሱን ለመላክ ግን ግንኙነት ያስፈልጋል።

ከወሎ የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው አዲስ አበባ ነው። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ሐሙስ ተነሡ። አውቶቡሱ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትንና ጣርማ በርን አልፎ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ሲገባ ቀኑ ያልቃል፤ ክረምት ላይ ጭጋግና ዝናብ፣ አንዳንዴም ጸጥታ ያዘገየዋል። ዓርብ ለመጠባበቂያ ይቀራል፤ መንገዱ ካልተከፈተ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ለመሄድም ዓርብ ያስፈልጋችኋል። የቲኬቱ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 8፡00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚደርስ አይገባም።

የእንግሊዝኛው ፈተና

ቶፍልና አይልትስ ለሁለት ዓመት ያገለግላሉ፤ ከኤስኤቲ ጉዞ ጋር በአንድ ሳምንት ማያያዝ የትራንስፖርት ወጪ ይቆጥባል፣ በአንድ ቀን ግን አትደርድሩ። ዱዎሊንጎ ቤት ውስጥ የሚወሰድ፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅና ውጤቱ በሁለት ቀን ውስጥ የሚወጣ ፈተና ስለሆነ ከደሴ ሳይነሡ መፈተን ይቻላል። ኮሌጃችሁ የሚቀበለው መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጠላቱ መብራትና ድምፅ ነው፦ ብቻችሁን የምትሆኑበት ክፍል ፈልጉ፣ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ የስልክ ዳታ በተጠባባቂነት አዘጋጁ። ሰው ወደ ክፍሉ ከገባ ወይም ዓይናችሁ ከስክሪኑ ከራቀ ውጤቱ ላይጸድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ውሰዱት፣ ለመድገም ቦታ ይኑር።

የኤስኤቲ ውጤት ለአራት ኮሌጆች በነፃ ይላካል፤ ይህ ዕድል ግን ከፈተናው በኋላ ዘጠኝ ቀን ብቻ ክፍት ነው፣ ከዚያ በኋላ ይከፈልበታል። ውጤታችሁን ሳታዩ መላክ ስለሆነ በመጀመሪያው ሙከራ ላይ አትቸኩሉ። በማመልከቻው ላይ ተማሪው ራሱ የሚጽፈውን ውጤት የሚቀበሉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው፤ የእነሱን ለይታችሁ ነፃዎቹን አራቱን ለሌሎቹ አስቀሩ።