የክለርግ ቦይ በጀሪካን፦ ለሳይንስ ክበብ የሚሆን የውሃ ኃይል ሞዴል አሠራር

የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን በደረሰ ቁጥር ከካርቶን የተሠራ ግድብ አይጠፋም። ውሃው ሰማያዊ ቀለም ነው፤ አይፈስም። አምፖሉን የሚያበራው ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀ ባትሪ ነው። እዚህ የምናሳየው ሞዴል ባትሪ የለውም። 20 ሊትር ውሃ ወርዶ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ሞተር ያሽከረክራል፣ አራት ቀያይ ኤልኢዲዎች (ትንንሽ መብራቶች) አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይበራሉ። የሰበታም፣ የሱሉልታም፣ የለገጣፎም ክበብ በሁለት ቅዳሜ ይጨርሰዋል።

ሞዴሉ የሚወክለው የፍራንሲስ ሄክተር ክለርግን ሥራ ነው። ክለርግ ከአሜሪካ ሜይን ግዛት የመጣ የሕግ ባለሙያ ነበር። በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ኦንታሪዮ ሱ ሴንት ማሪ ሲደርስ፣ ከተማዋ ጀምራ ገንዘብ አልቆባት የተወችው የውሃ ኃይል ቦይ አገኘ። የሱፒሪየር ሐይቅ ውሃ ወደ ሂውሮን ሐይቅ የሚወርደው በዚያች ከተማ በኩል ነው። ክለርግ ቦዩን ተረክቦ ጨረሰ፤ ኃይሉን የሚገዛው ግን ጠፋ። ስለዚህ ገዢውን ራሱ ሠራ፦ በዙሪያው ያለውን ደን ፈጭቶ ለወረቀት የሚሆን የእንጨት ድቁስ የሚያመርት ፋብሪካ አቆመ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ማዕድኑም ብረቱም ባቡሩም፣ በዚህ ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሞዴሉ ማሳየት ያለበትም ይህን ነው።

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ተማሪዎቹ ያስሉ። ኃይል በዋት ማለት 9.8 ሲባዛ በሰከንድ የሚወርደው ሊትር፣ ሲባዛ ከፍታው በሜትር ነው። የእኛ ሞዴል ከፍታ 1.2 ሜትር፣ ፍሰቱ በሰከንድ 0.22 ሊትር ነው፤ 2.6 ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሆኖ የሚወጣው አንድ አምስተኛው ከሆነ ጥሩ ሠርታችኋል። በሱ ሴንት ማሪ ያለው ከፍታ 6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ከፍታ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለውን የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያህል ጉልበት ለማግኘት፣ ምንም ብክነት የለም ብንል እንኳ በሰከንድ ከ110 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያስፈልጋል። አቃቂ በበጋ ይህን ከየት ያመጣል? ሱፒሪየር ሐይቅ ግን ያመጣል። የክለርግ ቦዮች ለምን ያን ያህል ሰፊ እንደሆኑ ከዚህ ስሌት በላይ የሚያስረዳ የለም።

ወደ ዕቃው እንግባ። ዋናው ሞተሩ ነው። ከተበላሸ ፕሪንተር ወይም ስካነር የሚወጣው፣ በጣት ሲያዞሩት ጥርስ ጥርስ እያለ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር መሆን አለበት። የሰፈራችሁ ቆራሌው አሮጌ ፕሪንተር ካላገኘ ምናለሽ ተራ አይታጣም። የመጫወቻ መኪና ሞተር አትግዙ፤ እሱ መብራት ለመስጠት በደቂቃ ሺህዎች ዙር ይፈልጋል፣ የእናንተ መዘውር ግን የሚዞረው ከ200 እስከ 220 ዙር ነው። ከዚህ ሌላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧና ክዳኑ፣ ባለ እጀታ መክፈቻ፣ ቴፍሎን፣ ሁለት የጎማ ማሸጊያ፣ የቀለም ባልዲ ክዳን፣ 16 የፕላስቲክ ማንኪያ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ኢፖክሲ፣ ሰፊ ሳፋ፣ አራት ቀይ ኤልኢዲና ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል።

መዘውሩን ከባልዲው ክዳን ላይ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርጣችሁ ሥሩ። ኮምፔንሳቶ አይሆንም፤ በሁለተኛው ቀን ውሃ ጠጥቶ ይጣመማል። የማንኪያዎቹን እጀታ 3 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ጎድጓዳቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ ዙሪያውን እኩል ደርድሩ። ሲሊኮን ይህን ዓይነት ፕላስቲክ አይዝም፤ ሲዞር ማንኪያው ተወርውሮ ተመልካች ላይ ያርፋል። ስለዚህ በጋለ ሚስማር እጀታውንም ክዳኑንም ሁለት ቦታ በስታችሁ በሽቦ እሰሩ። ከ12 ማንኪያ በታች ከሆነ ውሃው በመሃል እያለፈ ይባክናል። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ አትንቀሉ፤ ክዳኑን የምታጣብቁት እሷ ላይ ነው። መሃሉ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ከሳተ መዘውሩ ይንገዳገዳል፤ ኢፖክሲው ሳይደርቅ በእጅ እያዞራችሁ አስተካክሉ።

ጀሪካኑን አታቁሙት፤ አፉ ከላይ እንዲሆን አጋድሙት። ከፍታ የሚለካው ከውሃው ፊት ውሃው ተረጭቶ እስከሚወጣበት የመርጫ ቀዳዳ ስለሆነ፣ የቆመ ጀሪካን ውሃው በጎደለ ቁጥር ብዙ ከፍታ ያጣል፤ መብራቱም ግማሽ ላይ ይደበዝዛል። የተጋደመው የሚያጣው ያነሰ ነው። ከታችኛው ጎን በስታችሁ ቧንቧውን ከውስጥም ከውጭም በጎማ ማሸጊያ እሰሩ። ይህች መጋጠሚያ ካንጠባጠበች አትናቁ። ክለርግ ከወንዙ ማዶ በአሜሪካ በኩል ያሠራው፣ 400 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኃይል ማመንጫ በ1902 ተመርቆ፣ ከመሠረቱ ሥር ውሃ ስለሚሾልክ ለዓመታት ሙሉ ኃይሉን መስጠት አልቻለም።

ከቧንቧው ጫፍ ክዳን አግቡና መሃሉን በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ። የሻከረ ቀዳዳ ውሃውን ይበትነዋል። ጨረሩ ማንኪያው መሃል ላይ መምታት አለበት፣ መርጫው ከማንኪያው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። መክፈቻው ሲከፈት የጀሪካኑ ክዳንም መከፈቱን እዩ፤ ተዘግቶ ከቀረ ውሃው እየተንቋቋ ይቆራረጣል፣ ጀሪካኑም ጎኑ ይሰረጉዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሳፋው እየጨለፋችሁ ያንኑ ውሃ መልሱት፣ ቆሻሻ እንዳይገባ ግን በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ።

ሞተሩ አራት ሽቦ ካለው ሁለት ጥቅል አለው ማለት ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ሁለት ሁለት ሽቦ አገናኝታችሁ ዘንጉን በጣት አዙሩ፦ ከበደ ካላችሁ እነዚያ የአንድ ጥቅል ጫፎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ሁለት ኤልኢዲ፣ የአንዱ ረጅም እግር ከሌላው አጭር እግር ጋር ሆኖ፣ በአንድ ሬዚስተር በኩል ይገናኙ። ሞተሩ የሚሰጠው ተለዋዋጭ ጅረት ስለሆነ በየተራ ይበራሉ፤ መቀያየሩ በጣም ፈጣን በመሆኑ ዓይን አይለየውም፣ አንዱም ሌላውን ከተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ይጠብቀዋል። በነጭ ኤልኢዲ አትጀምሩ፤ ቀዩ 2 ቮልት ሲበቃው ነጩ 3 ገደማ ይፈልጋል። መዘውሩ እየዞረ ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጥቅሎቹ ጫፍ መደበላለቅ ነው። አንድ ነገር በሐቀኝነት በካርድ ጻፉ፦ ማንኪያ ያለው መዘውር ለትንሽ ውሃና ለትልቅ ከፍታ የሚሆን ነው፤ በ6 ሜትር ከፍታ የሚሠሩት ውሃ ውስጥ የተጠመቁ ተርባይኖች ናቸው።

ከመዘውሩ ቀጥሎ በቦዩ ላይ የተንጠለጠሉትን የክለርግ ሥራዎች እንደ ሰንሰለት በጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። መጀመሪያ ድቁሱ፦ 10 ያገለገለ ኤ4 ወረቀት 50 ግራም ነው፤ ቀዳችሁ በ2 ሊትር ውሃ አሳድራችሁ ፍጩ፣ በወንፊት አጥልላችሁ በእጅ ጨምቁና መዝኑ። 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። ክለርግ በራሱ ወርክሾፕ የድቁስ ማድረቂያ ያሠራው ለዚህ ነው፤ እርጥቡን መላክ ውሃ ጭኖ መላክ ነው። ቀጥሎ ድኝ፦ እንጨትን በኬሚካል ለማብሰል ስለሚያስፈልግ ከሰድበሪ የኒኬል ማዕድን ድኙን አቃጥሎ አወጣ፣ የቀረው ብረትና ኒኬል ደግሞ ወደ ብረት ሥራ መራው። ይህን በሥዕል ብቻ አሳዩ፤ በክፍል ውስጥ ድኝ ማቃጠል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

ከዚያ ብረት። ከሰሜን፣ ዋዋ ከተማ አጠገብ፣ በእህቱ ስም ሄለን ያለው የማዕድን ቦታ በ1900 የብረት ማዕድን መላክ ጀመረ። ከጓሮአችሁ ቀይ አፈር ፈጭታችሁ አስቀምጡ፤ ቅላቱ ከዚያው ከብረት ኦክሳይድ ነው። የክለርግ ብረት ፋብሪካ አልጎማ ስቲል በ1902 የባቡር ሐዲድ ማውጣት ጀመረ፣ የራሱ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ግን ገና አልነበረውም፤ ቀልጦ የወጣውን ጥሬ ብረት ከሌላ ይገዛ ነበር። በሰንሰለታችሁ ላይ እዚህ ቦታ አንድ ቀለበት አጉድሉ፣ ተማሪዎች ራሳቸው ይጠይቃሉ። የባቡሩ መስመር ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ሊደርስ ታስቦ በ1914 ኸርስት ከተማ ላይ ቆመ፤ 476 ኪሎ ሜትር፣ የድሮው ባቡራችን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደውን ያህል ማለት ነው።

የመጨረሻው ካርድ ደመወዝ ይሁን። በሴፕቴምበር 1903 የክለርግ ኩባንያ ተዘጋ፤ ያልተከፈላቸው ሠራተኞች በወሩ 28ኛ ቀን የኩባንያውን ቢሮ አጠቁ፣ ወታደር ተጠራ። አንድ ተማሪ ይህን ካርድ ሲያነሳ ሌላው መክፈቻውን ይዝጋ። መዘውሩ ለመቆም ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፣ ኤልኢዲዎቹ ግን ከዚያ በፊት ይጠፋሉ።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር አውጥታችሁ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ዘንጉ ላይ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ካስቀመጣችሁት ኩሽኔታው ዝጎ ለከርሞ አይዞርም።