የሙዚቃ ሲዲ በሊኑክስ አልጫወት ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲዲውን እንደ ፍላሽ ዲስክ መቁጠር። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሰው ሲዲውን ያስገባና በማውንት፣ ማለትም በዲስክ ላይ ያሉ ፋይሎችን ከኮምፒውተሩ አቃፊዎች ጋር በሚያገናኘው ትእዛዝ፣ ሊከፍተው ይሞክራል፤ ኮምፒውተሩ የፋይል ሥርዓቱን እንደማያውቀው ይናገራል፤ ከዚያ ዲስኩ ተበላሽቷል ተብሎ ይፈረድበታል። ዲስኩ ግን ደህና ነው። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ደረጃ የተሠራ የድምፅ ሲዲ ፋይል የሚባል ነገር የለውም። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ በአንድ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ተዘርግቷል፤ መነሻው ላይ የትራኮቹ ዝርዝር አለ፤ በቃ። አንዳንድ ዴስክቶፖች ትራኮቹን በዋቭ ፋይል መልክ ያሳያሉ፤ ለተጠቃሚው እንዲመች ሲባል የተደረገ ማስመሰል ነው። ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍተው ዲስክ መክፈቻው ላይ የድምፅ ሲዲ የሚለውን ይምረጡ።

መቶ ዘፈን የያዘውን ዲስክ የድምፅ ሲዲ ማለት። የድምፅ ሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛው «ምርጥ 100» የኤምፒ3 ፋይሎች የተጫኑበት የመረጃ ዲስክ ነው፤ ማውንት የሚደረገው እሱ ነው።

ድምፅ ሲጠፋ ድምፅ ማጉያውን መውቀስ። ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጆሮ ግን ምንም አይሰማም። በዚህ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ድምፁ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። የድሮ ማጫወቻ ፕሮግራሞች ሲዲ ሮሙን (የሲዲ ማንበቢያውን) «አጫውት» ብለው ያዙትና ዞር ይላሉ። ድምፁ ከሲዲ ሮሙ ጀርባ በቀጭን የአናሎግ ገመድ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይሄድ ነበር። በዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ሮም ይህ ገመድ የለውም፤ በአዳዲስ ኮምፒውተሮችም አይገኝም። ስለዚህ ድምፁን በዲጂታል መንገድ አንብቦ የሚያጫውት ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ቪኤልሲና ኤምፕሌየር ይህን ይችላሉ። ገመዱ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ ግን አልሳሚክሰር የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይክፈቱ። ሲዲ በሚለው ዓምድ ሥር ጥንድ የኤም ፊደል ካዩ መስመሩ ተዘግቷል፤ የኤም ቁልፍን ሲጫኑ ይከፈታል።

ፈቃድ ተከለከለ ሲባል «ሩት» በተባለው ሁሉን ማድረግ በሚችለው የአስተዳዳሪ መብት ማጫወት። ዘፈን ለመስማት የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ማስረከብ ምን አመጣው? ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ተጠቃሚውን ሲዲሮም በተባለው ቡድን ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ከዚያ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ ብዙዎች ይህችን ዘልለው «አልሠራም» ይላሉ።

የድሮ መመሪያ ላይ ያለውን የመሣሪያ ስም መገልበጥ። ሲዲ ሮሙ ይጠራበት የነበረው ኤችዲሲ የሚለው ስም ቀርቷል፤ ዛሬ በሊኑክስ ኤስአር0፣ ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ሲዲ0 ነው።

ዲስኩን በክብ መጥረግ። ክብ ጭረት የድምፁን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ለማረም ያስቸግራል፤ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳለት ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው፤ ድምፁን የያዘው ንብርብር ግን የሚቀርበው ጽሑፍ ላለበት ገጽ ነው፤ እዚያ ላይ በጥልቀት የተጫረ ሲዲ አይጠገንም።