«አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለን ስንከፍት የምንሠራቸው ስህተቶች

ስለ ስልክ ሱስ ሲወራ ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ልጆቹ ላይ ነው። «ራሱን መግዛት አቃተው» ይባላል። መተግበሪያው እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የቲክቶክ፣ የፌስቡክና የኢንስታግራም ዋና ገቢ ማስታወቂያ ነው። ብዙ በቆየን ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ እናያለን። ስለዚህ ቁልፉም ቀለሙም ድምፁም የተሠራው እንድንቆይ ነው። እዚህ ባሕር ዳር በየካፌውና በየዶርሙ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ጥፋቱን ሁሉ ራስ ላይ መጫን

ስልክ ላይ አፍጥጦ ያደረ ተማሪ ጠዋት ራሱን ይወቅሳል፣ ማታ ይደግመዋል። ድሮ ድረ ገጽ ላይ አንዱ ገጽ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን መንካት ነበረብን። ያቺ ቅጽበት ትንሽ ብትሆንም «ይበቃኛል» ለማለት ፋታ ትሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር ገጹ ማለቂያ እንዳይኖረው የሚያደርግ አሠራር ፈጠረ። በኋላ በዚህ ሥራው መጸጸቱን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ቲክቶክ ደግሞ አብሶታል። አንዱ ቪዲዮ ስክሪኑን ሞልቶ ይይዛል፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲደረግ ሌላው ይጀምራል።

ቀጣዩ ቪዲዮ የሚያስቅ ይሁን የሚያሰለች አናውቅም። የሚይዘን ይህ አለማወቅ ነው። ጣና ላይ መረብ የጣለ ዓሣ አጥማጅም ቆሮሶ ይያዝለት፣ ባዶ ይውጣ አያውቅም፤ ደግሞ የሚጥለው ለዚህ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእርግብና በአይጥ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው። ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ልማዱ ይጠነክራል፣ ለመተውም ይከብዳል።

ስለዚህ ራስን ከመስደብ ይልቅ የጠፋውን ማቆሚያ መመለስ ይሻላል። አንድሮይድ ላይ ዲጂታል ዌልቢይንግ፣ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም የሚባል የሰዓት መገደቢያ አለ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጡ ናቸው። ለቲክቶክ በቀን 30 ደቂቃ ስጡት። ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል። መልሶ መክፈት ይቻላል፤ ግን ቢያንስ ለመክፈት መወሰን አለባችሁ።

«ጥቅሉ ከሚቃጠል» ብሎ መክፈት

ይህ የእኛ አገር ስህተት ነው፤ በውጭ ምክሮች ውስጥ ብዙም አታገኙትም። የቀን ጥቅል ተገዝቷል። ማታ ላይ የተወሰነ ሜጋ ባይት ቀርቷል፣ ሌሊቱን ጊዜው ያልፋል። ብር የወጣበት ነገር ዝም ብሎ ሲቃጠል ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ ምንም ማየት ሳያስፈልገን እንከፍታለን። የሌሊት ጥቅል ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ተማሪው የሚነቃበትን ሰዓት ይመርጥለታል። በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ የላይኛው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ታያላችሁ። ያ ልጅ ጠዋት ክፍል አለው።

የቀረው ሜጋ ባይት ቢቃጠል የሚጠፋው ጥቂት ብር ነው። እንቅልፍ ግን ነገ አይተካም። አቅም ከፈቀደ በቀን ከመግዛት የሳምንት ወይም የወር ጥቅል ይሻላል፤ «ሳያልቅብኝ» የሚለውን ጥድፊያ ይቀንሳል። ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶፕሌይን አጥፉት። ቲክቶክ ላይ ዳታ ሴቨሩን አብሩት። ጥቅሉም ይቆያል፣ ዓይናችሁም ያልጠራችሁትን ነገር አያሳድድም።

ኖቲፊኬሽን ሁሉ እኩል ይመስለናል

እናታችሁ ስትደውል አንድ ሰው ፈልጓችኋል። «ሊወዱት የሚችሉት ቪዲዮ አለ» ሲል ግን የፈለጋችሁ መተግበሪያው ነው። የሁለተኛውን ዓይነት ያለ ርኅራኄ ዝጉት። ቴሌግራም ላይ የክፍል ግሩፑን፣ የሰፈሩን ግሩፕ፣ የክፍት ሥራ ቻናሉን ሚዩት አድርጉት፤ ማለትም ድምፁን ዝጉት። ግሩፕ ሚዩት ቢሆንም ስማችሁ ተጠቅሶ ከተጻፈ ያሳውቃችኋል፤ ስለዚህ እናንተን ጠርቶ የተጻፈ አያመልጣችሁም።

በላይክ ብዛት ራስን መመዘን

ምርቃት ሲደርስ የጣና ዳር በጋዋን ይሞላል። የማውቃት አንዲት ልጅ ከዘንባባው ሥር የተነሳችውን ፎቶ ለጠፈች። ቤተሰብ ከቦ ቡና እየጠጣ እሷ ግን በየደቂቃው ስክሪኑን ወደ ታች ስባ ትለቃለች። ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ቁጥሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሳይመሽ ፎቶውን አጠፋችው። አራት ዓመት የተለፋበት ቀን ነበር። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ፌስቡክ የላይክ ቁልፍን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ሰው ፎቶ አይቶ ወይ ይጽፍልን ወይ ያልፍ ነበር። ፎቶው ስንት ሰው ፊት እንደሚቀርብ የሚወስነው የመተግበሪያው ስሌት እንጂ የወዳጆቻችን ፍቅር ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ጨርሶ ላያዩት ይችላሉ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የላይክ ቁጥርን መደበቅ ፈቅዷል። ደብቁት። ለምትወዱት ሰው ደግሞ ልብ ነክታችሁ ከማለፍ ሁለት መስመር ጻፉለት።

አጥፍቶ መገላገል ይበቃል ማለት

በጾም ወቅት ቲክቶክን ከስልኩ የሚያጠፋ ብዙ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ለፋሲካ መልሶ ሲጭነው መተግበሪያው ያው ነው። በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ዘመድ ከዘመድ የቆራረጠ፣ የብዙ ሰው ሥራ የቆመበት ጊዜ ነበር፤ እንዲደገም ማንም አይመኝም። ያን ያህል ተለይተን ቆይተን እንኳ ዳታው ሲመለስ ልማዱም አብሮ መጣ። መልሳችሁ ስትጭኑ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሴቲንጉን ማስተካከል ይሁን፤ ገደቡን ቀድማችሁ አስገቡ፣ ኖቲፊኬሽኑን ዝጉ።

ልጅን ለማባበል ዩቲዩብ ከፍቶ መስጠት

እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ያደርገዋል። ኋላ «ዓይንህን ልታጠፋው ነው!» ብሎ መቀማት፣ ልጁም ማልቀስ ይከተላል። ልጁ አንዱን ካርቱን ጨርሶ ነበር፤ ሁለተኛውን የጀመረው ዩቲዩብ ነው። ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት ቪዲዮው አናት ላይ ያለችውን የአውቶፕሌይ ቁልፍ አጥፏት። ካርቱኑ ሲያልቅ ስክሪኑ ይቆማል፤ ስልኩን የምትቀበሉት ያኔ ነው።